የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ጥፋቱ ከወዴት ነው?

በገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ አብዛኛው ሰው «ቴሌ አጠፋው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዳሩ ግን ጥፋተኛው ከጠረጴዛ ሥር የወንበር እግር የረገጠው ገመድ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በሳይንት ወይም በለጋምቦ ደጋ ለሚኖር ሰው ይህን ለይቶ ማወቅ ትርፉ ብዙ ነው። ጠጋኝ እስኪደርስ ቀን ያልፋል፤ አዲስ ሞደም ለመግዛት ቢያስቡም መንገዱ በአቀስታ አድርጎ እስከ ደሴ ሊያስኬድ ይችላል። የሥራ ማስታወቂያና የትምህርት ማመልከቻ ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተዘረጋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኢንተርኔት ግን በአገራችን አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዲኤስኤል በሚባለው ዘዴ ሁለቱም በአንድ የመዳብ ሽቦ ይሄዳሉ። የሰው ድምፅ ዝቅተኛውን ሞገድ ሲይዝ፣ ኢንተርኔቱ ከዚያ በላይ ባለው ሞገድ ይጓዛል። ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ዕቃ ሁለቱን ትለያለች፤ እርስዋ ከተበላሸች ስልኩ ይንጫጫል፣ ስልክ በተደወለ ቁጥርም ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል።

የመስኖ ውሃ የቀረበት ገበሬ ቦዩን ተከትሎ እንደሚሄድ ሁሉ እርስዎም መስመሩን ከግድግዳው እስከ ኮምፒዩተሩ ይከተሉ። በመጀመሪያ የሞደሙን መብራቶች ይመልከቱ። «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ሳያርገበግብ ከበራ መስመሩ እስከ ቴሌ ድረስ ደኅና ነው። ከጠፋ ወይም ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ካለ የስልኩን እጀታ አንሥተው ያዳምጡ። ስልኩም ዝም ካለ ወይም ከተንጫጫ ጥፋቱ በስልክ ሽቦው በኩል ነው። በክረምት ዝናብ ወደ መገጣጠሚያው ሲገባ ሽቦው ይዝጋል።

ስለ መብረቅ ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር። ከ2500 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ደጋ ነጐድጓድ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቅሎ ዕቃዬን አዳንሁ ይላል። የስልኩ ሽቦ ግን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ሜዳውን አቋርጦ የመጣ ስለ ሆነ መብረቁ በእርሱ በኩል ገብቶ ሞደሙን፣ አልፎም ኮምፒዩተሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ደመናው መጥቆር እንደ ጀመረ ሁለቱንም ይንቀሉ፤ መብረቁ ከራስዎ በላይ ከደረሰ በኋላ ግን ሽቦውን መንካት ለሰውም አደጋ ነው።

ዲኤስኤሉ በርቶ «ኢንተርኔት» የሚለው መብራት ከጠፋ፣ ወይ ሒሳብ አልተከፈለም ወይም የመግቢያ ስሙና የምስጢር ቃሉ ከሞደሙ ተሰርዟል። ይህን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ በስተኋላ ያለችውን «ሪሴት» የምትባል ቀዳዳ በመርፌ የሚወጋ አውቃለሁ ባይ ጎረቤት ነው። ሞደሙን አጥፍቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ማብራት ጉዳት የለውም፤ ሪሴት ግን ሁሉን ይደመስሳል።

«ላን» የሚለው መብራት ካልበራ የኮምፒዩተሩን ገመድ ይጠርጥሩ። ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ስትሰበር ገመዱ የገባ እየመሰለ ይላቀቃል። በሌላ ቀዳዳ፣ ከዚያም በሌላ ገመድ ይሞክሩ። የዚህ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር ሊበልጥ አይገባም።

መብራቱ ሁሉ በርቶ ኢንተርኔቱ እንቢ ካለ ወደ ኮምፒዩተሩ እንግባ። በዊንዶውስ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው «አይፒኮንፊግ» ብለው በላቲን ፊደል ይጻፉ። ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ካገኙ ሞደሙ አድራሻ ሰጥቶታል። በ169.254 ከጀመረ ግን ኮምፒዩተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ቁጥር አወጣ ማለት ነው፤ ወደ ገመዱና ወደ ሞደሙ ይመለሱ። ቀጥሎ «ፒንግ» ብለው 8.8.8.8ን ይጥሩ። ቁጥሩ እየመለሰ የድረ ገጽ ስም ካልተከፈተ የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው መዝገብ ነውና በኮምፒዩተሩ የዲኤንኤስ ቦታ ይህንኑ 8.8.8.8 ይሙሉ።

በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ባትሪው ያለቀ አሮጌ ኮምፒዩተር ቀኑ ሲጠፋበት ባለቤቱ በቅንነት የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ይሞላለታል። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቈጥረው በፈረንጆች ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለ ቀረ የድረ ገጾቹ የማረጋገጫ ምስክር ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል፤ «አስተማማኝ አይደለም» እያለም በሩን ይዘጋል። ቀኑን ማረም ብቻ ይበቃል።

ጎረቤቱም ሁሉ ከተቋረጠበት ነገሩ ከእርስዎ አቅም በላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት እንደ ቈየ አንባቢ ያስታውሳል፤ እንዲህ ያለውን ማንም በቤቱ አይጠግነውም። የእርስዎ መስመር ብቻ ከሆነ ግን ወደ 994 ይደውሉ። «ኢንተርኔት የለም» ብለው አይተዉት፤ «የዲኤስኤል መብራት ከትናንት ማታ ዝናብ ጀምሮ ጠፍቷል፤ ስልኩም ይንጫጫል፤ ስፕሊተሩን አውጥቼ ሞክሬአለሁ» ይበሉ። የደወሉበትን ቀንና ሰዓትም በወረቀት ይያዙ።