ጤዛ የማያበላሸው የከዋክብት ካርታ፦ ለደቡብ ጎንደር ሰማይ የሚስማማው የትኛው ነው?

ደብረ ታቦር፦ ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ቢባልም በጉና ተራራ ዙሪያ ደመናው ለቅቆ ሌሊቱ ጥርት የሚለው ከመስቀል በኋላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ከደብረ ታቦር ከተማ መብራት ጥቂት ራቅ ያለ ሰው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብን ያለ ምንም መሣሪያ ማየት ይችላል። ለጀማሪ፣ በተለይም ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት፣ ከቴሌስኮፕ በፊት የሚያስፈልገው የከዋክብት ካርታ ነው። ችግሩ ሰማዩን የሚያጠራው ሌሊት ራሱ ወረቀቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ መኾኑ ነው።

የዚህን ምክንያት የፋርጣ እና የጉና አካባቢ አርሶ አደሮች በማሳቸው ያውቁታል። ነፋስ የሌለበትና ከዋክብት ቦግ ብለው የሚታዩበት የኅዳር ሌሊት ለባቄላውና ለድንቹ የውርጭ ስጋት ነው። ደመና ቢኖር ኖሮ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ተቀብሎ በከፊል ይመልሰው ነበር። ሰማዩ ባዶ ሲኾን ግን ቅጠሉም፣ ድንጋዩም፣ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ወረቀትም ሙቀታቸውን ወደ ላይ እየለቀቁ ከአካባቢው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛሉ። በአየር ውስጥ ያለው ተን ቀዝቃዛውን ገጽ ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ከውጭ እንደሚያልበው ማለት ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ከወረደ ውርጭ ይኾናል።

ስለዚህ ጤዛ እንደ ዝናብ ከላይ አይወርድም፤ በዕቃው ላይ ይሠራል። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ የተቀመጠ ካርታ ቀድሞ ይርሳል። ከዛፍ ወይም ከዳስ ሥር የተቀመጠ፣ አልያም በጋቢ ሥር የተያዘ ካርታ ግን ብዙ ጊዜ ደረቅ ኾኖ ይቆያል። ወረድ ብሎ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ ቅዝቃዜው ቢቀንስም የጣና ሐይቅና የሩዝ ማሳው እርጥበት ስላለ ጥንቃቄው አይቀርም።

እርጥበት ለጽሑፍ ጠላት መኾኑ ለዚህ ሀገር አዲስ ነገር አይደለም። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይጠመዘዛል፤ አባቶች መጽሐፉን ጥብቅ በኾነ የእንጨት ገበታ ደጉሰው በቆዳ ማኅደር የሚያኖሩት አንድም ለዚህ ነው። በእንጦጦ የሚገኙት እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለቱ ቴሌስኮፖችም የሚጠለሉበት ጉልላት አላቸው። በጋሳይ ወይም በክምር ድንጋይ ሜዳ ላይ ለሚቆም ተማሪ ግን ያለው መከላከያ ካርታው የተሠራበት ነገር ብቻ ነው።

ለሽያጭ ከሚቀርቡት መካከል እርጥበትን በደንብ የሚቋቋሙት ከፕላስቲክ በተሠራ ወረቀት ላይ የታተሙ ካርታዎችና ሁለት የፕላስቲክ ክቦች ተደራርበው የሚዞሩባቸው የሰማይ ካርታዎች ናቸው። ክቡን ቀኑና ሰዓቱ እስኪገጥሙ በማዞር በዚያ ሰዓት ከአድማስ በላይ ያሉትን ከዋክብት በመስኮቱ ማየት ይቻላል። ውኃ አይገባቸውም፤ በጨርቅ ተጠርገው ወዲያው ሥራ ላይ ይውላሉ።

ይኹን እንጂ ውኃ አለማስገባቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ትምህርት ቤት ገንዘቡን ሊያባክን ይችላል። ከእነዚህ ካርታዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ፣ ማለትም ለ40 እና ለ50 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር የምትገኘው ደግሞ በ11 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ላይ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለኾነ በ50 ዲግሪ ላይ ከሰማዩ እኩሌታ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በደብረ ታቦር ግን ከፍታው 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ ጭብጥን አድማስ ላይ ቢያስቀምጡ ከጭብጡ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ኮከብ ደማቅ አይደለም፤ ሰሜኑን ተራራ የጋረደበት መንደር ላይ ጨርሶ ላይታይም ይችላል። የአውሮፓውን ካርታ ይዞ ኮከቡን ከፍ አድርጎ የሚፈልግ ተማሪ ያጣዋል። ስህተቱ የካርታው ኾኖ ሳለ ልጁ ሰማይ ማንበብ እንደማይችል ቆጥሮ ቢተወው አያስደንቅም።

በደቡብ በኩል ያለው ጉድለት ደግሞ የባሰ ነው። በሌሊት ሰማይ በድምቀት ሁለተኛ የኾነው ካኖፐስ በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ በደቡብ ሰማይ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ለ40 ዲግሪ ሰሜን በተሠራ ካርታ ላይ ግን ጨርሶ የለም። የደቡብ መስቀል የሚባለው ኅብረ ኮከብም እንዲሁ። በደቡብ ጎንደር በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደመና ካልከለከለ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ ትልቁ ድብ በሰሜን በኩል አለ። ሁለቱን በአንድ ምሽት ማየት ለአውሮፓ ተመልካች የማይታሰብ ነው።

ገዢው በእጁ ያለውን ካርታ መፈተን ይችላል። በሚዞረው ካርታ መካከል ያለችው ማያያዣ የሰሜን ዋልታን ትወክላለች። ማያያዣዋ ከመስኮቱ ሰሜናዊ ጠርዝ አጠገብ ከኾነች ካርታው ለዚህ አካባቢ የቀረበ ነው፤ ወደ መስኮቱ መሐል ከገባች ግን ለሌላ ሰማይ የተሠራ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ለኾኑ ቦታዎች በአንድ ገጽ የተሠራ ካርታ የደቡቡን ሰማይ አለቅጥ ስለሚለጥጠው አንዱ ፊት ሰሜንን፣ ሌላው ደቡብን የሚያሳይ ባለ ሁለት ገጽ ካርታ ይመረጣል።

እንዲህ ያለው ካርታ ካልተገኘ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ስቴላሪየም የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም የደብረ ታቦርን መገኛ ሲሞሉለት የቦታውን ሰማይ በፈለጉት ቀንና ሰዓት ያሳያል። ምስሉን በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ነጥብ አድርጎ ማተም ቀለም ይቆጥባል፤ በጨለማም ለማንበብ ይቀልላል። አታሚው ግን ሌዘር መኾን አለበት። በኢንክጄት የሚረጨው ቀለም ብዙውን ጊዜ በውኃ ይፈሳል፤ የሌዘር ዱቄት ግን በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ነው። የፎቶ ኮፒ ማሽንም የሚሠራው በዚሁ ዱቄት ስለኾነ በከተማው ፎቶ ኮፒ ቤት የተባዛ ካርታ ቀለሙ አይለቅም።

ወረቀቱን ከውኃ የሚያድነው ላሚኔት ማድረግ ነው። የሰሜኑንና የደቡቡን ገጽ ጀርባ ለጀርባ አድርጎ በአንድ ፕላስቲክ ማሸግ ወጪውን በግማሽ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጠርዙን ነው። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ በዙሪያው ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ተርፎ እርስ በርሱ መጣበቅ አለበት። እንዲያምር ተብሎ እስከ ወረቀቱ ድረስ ከተቆረጠ ወይም ለመስቀያ ከተበሳ ጤዛው በዚያ በኩል ገብቶ ወረቀቱን ከውስጥ ያሻግተዋል። መታጠፍም የለበትም። ከሚያብረቀርቀው ፕላስቲክ ደብዛዛው ይሻላል፤ የሚያብረቀርቀው የባትሪውን ብርሃን መልሶ ዐይን ላይ ይረጫል።

ዐይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የስልክ ብርሃን ያንን በቅጽበት ያጠፋዋል። በባትሪው አፍ ላይ ቀይ ላስቲክ ማሰር ይበቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው ታዲያ በካርታው ላይ በቀይ ቀለም የተሠመረ ነገር በቀይ ብርሃን ሥር እንደማይታይ ማወቅ አለበት። በሚያማምሩ ቀለማት የተሞሉት ውድ ካርታዎች ሌሊት ላይ የሚከሽፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በአካባቢው የሚዘጋጅ ካርታ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከማሸግ በፊት ስሞቹን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ አቅራብ የሚሉት ስሞች ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ አይደሉም፤ ነገር ግን ስማቸውን የሚያውቅ ኹሉ የትኞቹ ከዋክብት እንደኾኑ በሰማይ ላይ ማሳየት አይችልም። በሠውር ውስጥ ያሉት ሰባቱ ከዋክብትና ኦሪዮን በጥምቀት ሰሞን ምሽት ከአናት በላይ በሚባል ከፍታ ስለሚያልፉ ለመጀመሪያ ትምህርት ይመቻሉ።

ለአንድ ክበብ ለጥቅምት፣ ለጥር እና ለሚያዝያ ምሽቶች የተዘጋጁ ሦስት ባለ ሁለት ገጽ ካርታዎች በቂ ናቸው፤ የክረምቱን ሰማይ ደመናው ስለሚሸፍነው ለጊዜው ይቆይ። ከምልከታ ሲመለሱ ካርታዎቹን ጠርጎና ነጣጥሎ እስኪደርቁ ማቆም፣ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ማኖር ይገባል።