ጆሮ ያልለመደው የጎዳና ድብድብ፦ «ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ 3» እና ሙዚቃው

ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ በሰሜን አሜሪካ «ጀነሲስ» በሌላው ዓለም ደግሞ «ሜጋ ድራይቭ» በሚል ስም ለሸጠው የጌም ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው «ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ 3»፣ ሁለቱ ቀዳሚዎቹ ያገኙትን ፍቅር ሳያገኝ የቀረ ጌም ነው። ከቀረቡበት ቅሬታዎች አንዱና ዋነኛው፣ ያለፉትን ሁለቱን ዝነኛ ባደረገው በዚያው በሙዚቃው ላይ ያነጣጠረ መሆኑ ጉዳዩን ለየት ያደርገዋል።

ጌሙ የሚመደብበት ዘውግ፣ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ መርጦ ወደ ጎን በሚንሸራተት ጎዳና ላይ ወደ ፊት እየገፋ፣ የሚከቡትን ወሮበሎች በቡጢና በእርግጫ፣ አንዳንዴም ከመሬት ባነሳው የብረት ቧንቧ እየጣለ፣ በየምዕራፉ መጨረሻ «ቦስ» ከሚባለው ኃይለኛ ባላጋራ ጋር የሚፋለምበት ነው። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ በ1987 በወጣው «ደብል ድራጎን» ተስፋፍቶ፣ ካፕኮም በ1989 ባቀረበው «ፋይናል ፋይት» ጎልምሷል። አንድ ዓይነት ጠላት የልብሱን ቀለም ብቻ ቀይሮ ደጋግሞ የሚመጣበት፣ እጅም ያንኑ ምት የሚደጋግምበት ዘውግ በመሆኑ፣ ተጫዋቹን ከመሰልቸት የማዳኑ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በሙዚቃው ጫንቃ ላይ ነው።

የሦስቱም ጌሞች ዋና አቀናባሪ ዩዞ ኮሺሮ ናቸው። ፒያኖ ተጫዋች ከሆኑት እናታቸው ሙዚቃ የተማሩት ኮሺሮ፣ በ1990 «ኤንሸንት» የተባለውን ኩባንያ ከቤተሰባቸው ጋር የመሠረቱ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የምሽት ክበቦችን ያናውጥ የነበረውን ሃውስና ቴክኖ፣ ማለትም በማሽን የሚመታውንና ያለማቋረጥ የሚደጋገመውን የጭፈራ ሙዚቃ፣ ወደ ጌም ካመጡት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ናቸው። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮም ሞቶሂሮ ካዋሺማ አብረዋቸው ሠርተዋል። የሁለተኛው ክፍል ሙዚቃ ምቱ የክበብ ቢሆንም ዜማው ሊንጎራጎር የሚችል ነበርና፣ ተጫዋቾች ማሽኑን ካጠፉ በኋላም አብሯቸው ይቆይ ነበር።

ይህ ሁሉ የተሠራበት መሣሪያ እጅግ ጠባብ እንደነበር መታወስ አለበት። የሜጋ ድራይቭ ዋና የድምፅ ቺፕ፣ ያማሃ የሠራው «ዋይኤም2612»፣ በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው ስድስት ድምፆችን ብቻ ሲሆን፣ እነሱንም የሚያመነጨው አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው እያጣመመ አዲስ ቀለም በሚፈጥር ስልት ነው። ከስድስቱ አንዱን በመሠዋት የተቀዳ ድምፅ፣ ለምሳሌ እውነተኛ የከበሮ ምት፣ ማጫወት ይቻላል። ከዚህ ሌላ ሦስት ቀላል ቃናዎችንና አንድ የሹክሹክታ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ ያረጀ ረዳት ቺፕ አለ። የቡጢውም፣ የጩኸቱም፣ የሚሰበረው በርሜል ድምፅም ከዚሁ ቋት የሚቀዳ ስለሆነ ድብድቡና ሙዚቃው ቦታ ይሻማሉ።

በሦስተኛው ክፍል ኮሺሮ የመረጡት መንገድ ከዚህ ቀደም የሄዱበት አልነበረም። የድምፆችን ቅደም ተከተል በዘፈቀደ እየደረደረ የሚያቀርብ የኮምፒውተር ፕሮግራም አዘጋጁ፤ ካመነጨው ውስጥ ለጆሯቸው የጣመውን እየመረጡም ሙዚቃውን ገነቡ። ውጤቱ ፈጣን፣ ሻካራና የሰው እጅ በማይጽፈው አኳኋን የሚዘል ሙዚቃ ሆነ፤ የሚያዝ ዜማ ብቅ ያለ ሲመስል ወዲያው ይበጣጠሳል፣ ምቱም ሲያሻው እግር ይስታል። ዜማ የጠበቀ ሰው ጫጫታ ሰማ፤ እንዲህ ማለቱም አላዋቂ አያሰኘውም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በሙዚቃው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። ጃፓን ውስጥ «ቤር ናክል 3» በሚል ስም የተሸጠው ጌምና ወደ ምዕራቡ ገበያ የተላከው ተመሳሳይ አይደሉም። የምዕራቡ ቅጂ ታሪኩ ተለውጧል፣ የዋነኞቹ ተፋላሚዎች የአክስልና የብሌዝ ልብስ ቀለም ተቀይሯል፣ በግብረ ሰዶማዊነት ላይ የተሳለቀ አንድ ገጸ ባሕርይም ወጥቷል። ከሁሉ የከፋው ግን ክብደቱ ያለ ልክ መጨመሩ ነው፤ ቀላሉን ደረጃ የመረጠ ተጫዋች ደግሞ ከአምስተኛው ምዕራፍ እንዳያልፍ ተከልክሎ ጌሙ እዚያው ያበቃበታል። ስለዚህ የአሜሪካና የአውሮፓ ተጫዋች አንዱን ምዕራፍ እየተሸነፈ እንደገና ሲጀምር፣ ዜማ አልባውን ያንኑ ሙዚቃ ደጋግሞ ለመስማት ተገደደ። ጆሮ በመጀመሪያው ቀን በጉጉት የሚቀበለውን እንግዳ ድምፅ፣ ሽንፈት ሲደጋገም ከብስጭቱ ጋር አዳብሎ ይጠላዋል። ሙዚቃው እንዲህ ለከበደ ጌም የማይመች መሆኑ እውነት ነው፤ ጌሙን ያከበደው ግን ሙዚቃው አይደለም።

ዘመኑም ለዚህ ሥራ አልደረሰለትም ማለት ይቻላል። የተሰባበረ ምትና የሻከረ ድምፅ ያላቸው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዓይነቶች ከዚያ በኋላ ሰፊ አድማጭ አግኝተዋል፤ በ1994 ግን በየቤቱ ሳሎን ከቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ታዳጊ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነጻጽርበት አልነበረውም። ይህ ማለት ግን ሁሉም ትራክ ድንቅ ነው ማለት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከሰጠው ሊጣል የሚገባው አንዳንዱ ሳይጣል ቀርቷል።

አራተኛው ክፍል እስኪወጣ ድረስ እስከ 2020 መጠበቅ ግድ ሆኗል፤ በዚህም ክፍል ዋናው አቀናባሪ ኦሊቪዬ ደሪቪዬር ሲሆኑ፣ ኮሺሮና ካዋሺማም የየራሳቸውን ሙዚቃ አበርክተዋል። ሦስተኛውን ለመሞከር የሚሻ አንባቢ የጃፓኑን ቅጂ ያስቀድም፤ ሙዚቃውንም ጆይስቲኩን አስቀምጦ ለብቻው ይስማው።