ተስፋ ዘርቶ መጠበቅ ነው፦ ከኮሮና ዘመን የቀሩልን ትምህርቶች



ዛሬ በግቢያችን ካለነው ተማሪዎች አብዛኞቻችን ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ የአንደኛ ወይም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ የተነገረው ዓርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያስታወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። እስከዚያ በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው ሞት ብቻ ከ7,500 በላይ ደርሶ ነበር። አላህ ያለፉትን ይማርልን።

ዛሬ ጭንብሉ ወልቋል፤ ወሬውም ቀዝቅዟል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በየቤቱ ሲነሳ የነበረ አንድ ጥያቄ አሁንም አብሮን አለ፦ «ሁሉም በአላህ ውሳኔ ከሆነ መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ?» ያኔ ስለ በሽታ ተጠየቀ፤ ዛሬ ስለ መውጫ ፈተና፣ ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ነገው ኑሯችን እንጠይቀዋለን። ስለዚህ መልሱን አብረን እንየው።

ተስፋ እና ምኞት

ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያኡ ዑሉሚዲን» በተባለው ሥራቸው ተስፋን በገበሬ መስለው ያስረዳሉ። ለም መሬት መርጦ፣ ጥሩ ዘር ዘርቶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ አረሙን ነቅሎ፣ ከዚያ በኋላ አዝመራውን ከአላህ የሚጠብቅ ሰው፣ የእሱ መጠበቅ ተስፋ (ረጃእ) ይባላል። ውሃ በማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ ዘርቶ፣ ምንም ሳይሠራ ምርት የሚጠብቅ ግን ራሱን እያታለለ ነው። ተስፋ ሥራ ያልቀረበት ልብ የሚይዘው ነገር ሳይሆን፣ የአቅሙን ሠርቶ የጨረሰ ልብ የሚያርፍበት ነው።

በኮሮና ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት ሰው አይተናል። «አላህ ይጠብቀናል» ብሎ እጁን የሚታጠብና እናቱን ከሰው ግፊያ የሚያርቅ ነበር፤ ያንኑ ቃል ተናግሮ ምንም የማያደርግም ነበር። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ለየቅል ነው።

ዑመር (ረ.ዐ.) ከሰርግ የተመለሱበት ምክንያት

ጥያቄው ለእኛ የመጀመሪያ አይደለም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አንሷሮችን አማከሩ፤ ሁለቱም ወገን እርስ በርሱ ተለያየ። ከዚያ የቁረይሽ አዛውንቶችን ጠሩ፤ እነሱ ሕዝቡን ይዘው እንዲመለሱ በአንድ ድምፅ መከሩ። ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ።

አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ልንሸሽ ነውን ብለው ጠየቁ። የዑመር መልስ በአጭሩ፣ የምንሸሸው ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር ነው የሚል ነበር። ምሳሌም ሰጡ፦ አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሎችህን ይዘህ ብትወርድ፣ በየትኛውም በኩል ብታሰማራቸው ከአላህ ውሳኔ አትወጣም። ታዲያ በለምለሙ ብታሰማራ ምን አለበት?

ቀጥሎ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጡና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሩ፦ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባት፣ ወረርሽኙ ከተነሳበት አገርም ሸሽቶ መውጣት መከልከሉን። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። ዛሬ ኳራንቲን የምንለው አሠራር ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ መግባትም መውጣትም ሲቆም በሽታው መንገድ ያጣል።

አቡ ዑበይዳ በዚያው የዐምዋስ ወረርሽኝ ሞቱ፤ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ.) እንዲሁ። ከእነሱ በኋላ ኃላፊነቱን የተረከቡት ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ሕዝቡን ወደ ተራራዎች በትነው አራራቁት፤ በሽታውም ተነሳ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። ሰበብ ማድረስ ግዴታችን ነው፤ ውጤቱ ግን የእኛ አይደለም። የተጠነቀቀ ሰው ቢሞት ኢማኑ ስለጎደለ ነው አይባልም።

መስጂድ ሲዘጋ

በ2012 መጋቢት መጨረሻ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የጀማዓ ሶላት በመስጂድ እንዳይሰገድ ሲወስን ብዙዎች ልባቸው ተሰብሯል። ሚያዝያ 16 ረመዳን ገባ፤ ተራዊሕ በየቤቱ ሆነ። ግንቦት 16 ቀን የዒድ ሶላት ስታዲየም አልተሰገደም። በዚያ ዓመት ሐጅ ያደረጉት በሳዑዲ ዓረቢያ የነበሩ 1,000 ገደማ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ውሳኔው ግን መሠረት ነበረው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በከባድ ዝናብ ቀን ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ ጥሪ እንዲያደርግ አዘዋል። ጭቃ ይህን ካስፈቀደ የሰው ነፍስን ማዳንማ! ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒም ስለ ወረርሽኝ በጻፉት መጽሐፍ፣ በ833 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ላይ ሕዝቡ ለዱዓ ከመሰብሰቡ በፊት የቀኑ ሟች ከ40 በታች እንደነበር፣ ከስብሰባው በኋላ ግን ከ1,000 በላይ እስኪሆን እንደጨመረ መዝግበዋል። እኚህ ዓሊም ሴት ልጆቻቸውን በወረርሽኝ የቀበሩ አባት ናቸው። ሐዘናቸውን ለኋላ ትውልድ የሚጠቅም እውቀት አደረጉት።

እኛም ያተረፍነው ነገር አለ። ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳና ጎፋ ባሉ ቤቶች፣ በኮንዶሚኒየም ሳሎኖች ውስጥ፣ መድረሳ የቀራ ልጅ ኢማም ሆኖ ለአባትና እናቱ ተራዊሕ አሰገደ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ካደግነው ብዙዎቻችን ጁዝ ዐማን በደንብ የያዝነው በዚያ ረመዳን ነው። በር ቢዘጋም በደረት የተያዘ ቁርኣን እንደማይዘጋ ያን ጊዜ ገባን።

ደግሞም ጀማዓው ገና በወጉ ሳይመለስ፣ ሰኔ 4 ቀን 2012 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለጠቅላይ ምክር ቤቱ ሕጋዊ ሰውነት የሚሰጠውን አዋጅ አጸደቀ። ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ የኖረ ጉዳይ ነበር። አባቶቻችን የዘሩት ዘር በዚያ በጭንቅ ክረምት በቀለ።

የአንድ ሰው ዋጋ

የምህንድስና ተማሪዎች ስለሆንን ነገሩን በሒሳብም እንየው። አንድ የታመመ ሰው ለሁለት ቢያስተላልፍ፣ ሁለቱም እያንዳንዳቸው ለሁለት ሁለት ቢያስተላልፉ፣ በ10ኛው ዙር ብቻ 1,024 ሰዎች ይያዛሉ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አንዱ ቤቱ ቢቀመጥ ግን በዚያው ዙር የሚያዙት 512 ይሆናሉ። 512 ሰው የዳነው አንድ የማይታወቅ ሰው ቤቱ ስለዋለ ነው። የዳኑትም አያውቁትም፤ እሱም አያውቃቸውም። አላህ ግን ያውቃል። አንድን ነፍስ ማዳን የሰውን ልጅ ሁሉ እንደማዳን መሆኑን ቁርኣን ያስተማረን ሐቅ በቁጥር ሲገለጥ ይህን ይመስላል።

መልካም ሥራም በዚሁ ሒሳብ ይባዛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮቻችን «እጃችሁን ታጠቡ» ማለት ቀላል አልነበረም። በየበሩ ጀሪካንና ሳሙና ያስቀመጡት ጎረቤቶች ናቸው። «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ጥሪ ፋሲካንና ረመዳንን አገናኘ፤ የቤት ኪራይ የተዉ አከራዮች ነበሩ። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ታማሚ የውጭ አገር ዜጋ ነው ተብሎ ምንም ያላደረጉ እንግዶችን በመንገድ ላይ የሰደቡም ነበሩ። ፍርሃትም እንደ በሽታው ይተላለፋል። በመካከላችን ቆሞ የሚያቋርጠው ሰው ይፈልጋል።

ከተማችን ከዚህ በፊትም አልፋለች

አዲስ አበባ ይህን ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በኅዳር 1911 ዓ.ም ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እዚህም ገብቶ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በከተማዋ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። የዛሬዋ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ያን ቀን ካለፉት ሰዎች የተገኘች ናት። መከራ ያልፋል፤ ከችግር ጋር ምቾት መኖሩ የአላህ ቃል ኪዳን ነው።

ለእኛ ምን ይቀራል?

አንደኛ፣ ሰበብና ተወኩልን አንነጣጥል። ሳያነቡ «አላህ ያውቃል» ብሎ ፈተና መግባት ተወኩል አይደለም፤ አንብቦ ሲያበቃ በጭንቀት መታመምም የሙእሚን ጠባይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የዘገየ ሁሉ የቀረ አይምሰለን። የ2012 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ፈተናቸው ተራዝሞ የተፈተኑት በ2013 አጋማሽ ነበር። ከእነሱ መካከል ዛሬ መሐንዲስና መምህር የሆኑ አሉ።

ሦስተኛ፣ የተዘጋበትን ሰው እንፈልግ። በዚያ ዘመን ትምህርት በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ሲሰጥ ስልክ የሌለው ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። ዛሬም በዶርማችን ብቻውን የከበደው ወንድም፣ ከጀማዓው የጠፋች እህት ይኖራሉ። በራቸውን ማንኳኳት ሰበብ ማድረስ ነው።

አራተኛ፣ ጤናችንን፣ ጊዜያችንንና ክፍት መስጂዳችንን እናመስግንባቸው። ዝሁር ላይ ትከሻ ለትከሻ ስንቆም፣ ያቺ የጎደለች ረመዳን ሰልፉን ምን ያህል እንዳስናፈቀችን እናስታውስ።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለፉትን በራሕመቱ ይቀበላቸው፤ እኛንም ዘርተው ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።