አረብኛ የተናገረ ሁሉ ዲን አያስተምርም

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

እዚህ ማክሰኝት አንዲት እናት ቤት ለዚያራ ገብቼ ቡና ቀርቦ ሳለ ቴሌቪዥኑ አረብኛ ይናገር ነበር። ልጆቹ ሲንጫጩ እናታችን «ዝም በሉ፣ የአላህ ቃል እየተነበበ!» ብለው ተቆጡ። ጠጋ ብዬ ባዳምጥ የአንድ ሩቅ አገር መንግሥት ጣቢያ የነዳጅ ዋጋ ዜና እያነበበ ነው። ለቁርኣን ያላቸው አክብሮት አጅር ያስገኝላቸዋል ኢንሻአላህ። ነገሩ ግን በብዙ ቤት ያለ ስለሆነ ላብራራው ወደድኩ።

አንድ መንግሥት ገንዘቡን አፍስሶ በሌላ ሕዝብ ቋንቋ ጣቢያ የሚከፍተው ለምንድን ነው? ታሪኩ እኛንም ይነካል። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ከመውረሯ አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1934 እ.ኤ.አ.፣ ከባሪ ከተማ በአረብኛ የሬዲዮ ስርጭት ጀመረች። ሙሶሊኒንም የእስልምና ጠባቂ አድርጋ አቀረበችው። ይኸው መንግሥት በ1931 በሊቢያ ሸይኽ ዑመር አል ሙኽታርን የሰቀለ ነው! እንግሊዝም በበኩሏ በ1938 የቢቢሲን አረብኛ ክፍል ከፈተች። ሁለቱም የተናገሩት አረብኛ ነው፤ የፈለጉት ግን የአድማጩን ልብ ነበር።

ሳተላይት ሲመጣም ይኸው ቀጠለ። ቀጠር በ1996 አልጀዚራን በራሷ ቋንቋ ጀምራ በ2006 እንግሊዝኛውን ጨመረች። አሜሪካ ኢራቅን በወረረች በዓመቱ፣ በ2004፣ አልሑራን ከፈተች። ሩሲያ በ2007፣ ቻይና በ2009፣ ቱርክም በ2010 የአረብኛ ቴሌቪዥን ጀመሩ። የእኛም የኢትዮጵያ ሬዲዮ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ለውጭ አድማጭ ሲያሰራጭ ኖሯል። ግብፅ ደግሞ ናይል ቲቪን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ አቋቁማለች። ከጉማራችን ወደ ጣና፣ ከጣናም ወደ ዓባይ የሚወርደው ውሃ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን በተመረቀው ግድብ ያልፋል። ይህንኑ ውሃ የአንዱ አገር ጣቢያ ልማት፣ የሌላው አገር ጣቢያ ስጋት ይለዋል።

ይህ ማለት የመንግሥት ጣቢያ ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም። ብዙ እውነት ይናገራል። መታየት ያለበት የትኛውን እውነት መርጦ እንደተናገረና የትኛውን እንደተወ ነው።

ጉዳቱ የት ላይ ነው? በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ 18 በጎንደር ከተማ በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊም ወገኖቻችን ሲገደሉ ወሬው በየቋንቋው ዞረ። አረብ አገር ያሉ ልጆቻችን የሰሙትን ይዘው «ማክሰኝትም ተቃጠለች ወይ?» እያሉ በለቅሶ ይደውሉ ነበር። ሐዘናችን እውነት ነበር፤ ከሐዘኑ ጋር ተደባልቆ የመጣው ወሬ ሁሉ ግን እውነት አልነበረም። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ያልተጣራ ቃል የጎረቤትን ደም ያስፈስሳል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት፣ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ አዝዞናል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ከልጆቻችሁ ጋር ሦስት ነገር ጠይቁ። የጣቢያው ከፋይ ማን ነው? ስለ ከፋዩ መንግሥት ጥፋት ሲናገር ሰምተነው እናውቃለን? ይህንኑ ወሬ ከእርሱ ጋር የማይስማማው ሌላው ጣቢያ እንዴት አወራው? የዲን ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ዜና አንባቢን ትታችሁ ወደ መስጂድ ኑና ዓሊሞችን ጠይቁ።

ቋንቋ ማወቅ ጸጋ ነው። የቋንቋዎች መለያየት ከአላህ ታምራት አንዱ መሆኑን ሱረቱር ሩም ያስተምረናል። ልጆቻችን አረብኛም እንግሊዝኛም ይማሩ፤ ሲማሩ ግን የሚናገረውን ሰው ማንነት መለየትንም አብረው ይማሩ። አላህ ጆሮአችንንም ምላሳችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።