ከድሮኑ ግዢ በፊት የበረራ መስመሩ ይቀድማል

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በድሮን ዕቃ ለማመላለስ ያሰበ ባለሀብት ሒሳቡን ከፈቃዱ ቢጀምር ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ፣ ከ25 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን፣ ከ120 ሜትር በላይ የማይወጣና ከአብራሪው ዓይን የማይሰወር ድሮን ሌሎቹን ገደቦች እስካከበረ ድረስ ቅድመ ፈቃድ አያሻውም። ከዚህ ያለፈ በረራ ግን በአብዛኛው የየአገሩን የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።

አመልካቹ «ሶራ» በተባለው የአደጋ ሥጋት መመዘኛ፣ ድሮኑ ቢወድቅ በምድር ያለን ሰው፣ በአየርም ሌላ አውሮፕላንን የመጉዳት ዕድሉን ያሰላል። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ባሉ ደረጃዎች ይመደባል፤ ደረጃው ከፍ ሲል የሚጠየቀው ሥልጠናና ማስረጃ፣ ወጪውም አብሮ ይጨምራል። ያው ድሮን በእርሻ ላይ ዝቅተኛ፣ በከተማ ላይ ከፍተኛ ደረጃ ሊይዝ ይችላል። መስመሩን ሳይለይ ድሮኑን የገዛ ነጋዴ ንብረቱ መጋዘን ውስጥ ሊቀርበት ይችላል።