ከኢፍጣር በኋላ የሚመከር የቤተሰብ ጉዳይ

የኢፍጣሩ ማዕድ ተነስቶ ቡናው እስኪፈላ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚቀመጥባት ሰዓት ብዙ ጉዳይ ይመከርባታል። እኛም ዛሬ ለዚያች ሰዓት የሚሆን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል፤ የስኳር ሕመምና ኩላሊትን።

ለዓመታት ቁጥጥር ያልተደረገበት ስኳር የኩላሊትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። ጉዳቱ መጀመሪያ ላይ ስለማያም ብዙዎች አያውቁትም። እግር ሲያብጥና ምግብ ሲያስጠላ ኩላሊቱ አብዛኛውን አቅሙን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ሲደክም ደግሞ ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው፤ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ።

የትኛው የተሻለ ዕድሜ ይሰጣል? እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ከሟች ለጋሽ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች በእጥበት ላይ ሆነው ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ በረጅም ጊዜ የመሞት ዕድላቸው ከ48 እስከ 82 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይበልጥ ከተጠቀሙት መካከል ወጣት የስኳር ሕሙማን ነበሩበት። በሕይወት ካለ ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት ደግሞ በአማካይ ከዚህም የበለጠ ዘመን ያገለግላል።

በውጭ አገር በተለይ ዓይነት አንድ ስኳር ላለባቸው ሰዎች ኩላሊትና ቆሽት አንድ ላይ ይተከላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1966 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ታካሚዋ የኖረችው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ዛሬ በትልልቅ ማዕከላት ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ዓመት ይሻገራሉ። አዲሱ ቆሽት ሲሠራም ኢንሱሊን መወጋት ይቀራል።

በአገራችን የተጀመረው የኩላሊቱ ነው፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል። ደብረ ኤልያስ ላለ ቤተሰብ መንገዱ ረጅም ነው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ። ከመንገዱ የሚከብደው ግን ለጋሽ ማግኘት ነው። ኩላሊቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከቤተሰብ በመሆኑ ጥያቄው እዚያው ማዕድ ዙሪያ ይነሳል። እዚህ ላይ ሃይማኖቱ ይከለክላል ብለው የሚሰጉ አሉ። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳለፈው ውሳኔ ልገሳውን ፈቅዷል፤ ለጋሹ በፈቃዱ እስከሰጠ፣ ሕይወቱ ለአደጋ እስካልተጋለጠና ሽያጭ እስካልሆነ ድረስ። እናም ወንድም ወይም እህት እሺ ቢል ይመስገን፤ ከፈራም አይገደድ፣ ቂምም አይያዝበት።

ቆሽቱ ስላልተተካ ስኳሩ ከታካሚው ጋር ይቆያል። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶችም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። እነዚህ መድኃኒቶች በሰዓታቸው፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። በረመዳን ሱሑርና ኢፍጣርን ተከትሎ ሰዓታቸውን በራስ ፈቃድ ማዛወር፣ ውሃ ማሳነስ ወይም ጭራሽ ማቋረጥ በስንት ድካም የተገኘውን ኩላሊት ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህ ኩላሊት የተተከለለት፣ እጥበት ላይ ያለ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። አትጹም ከተባለ ቁርኣኑ ራሱ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ቀዷእ ወይስ ፊድያ የሚለውን ኡስታዛችሁ ይነግራችኋል። ቤተሰብም ጾሙን የፈታውን አባት በሐፍረት ተደብቆ እንዲበላ አያድርገው።

ገና ኩላሊቱ ላልተጎዳው ደግሞ ቀላሉ መንገድ በእጁ ነው። የደም ግፊትን መለካት፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሽንትና የደም ምርመራ ማድረግ፣ የታዘዘውን መድኃኒት አለማቋረጥ። ዛሬ ማታ ቡናው ሲቀርብ ስኳር ያለበትን አባታችሁን፣ እናታችሁን «ሽንትዎን ያስመረመሩት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይላክ። ረመዳን ሙባረክ!