ሪአክት 19፦ ስለ አፕዴት የሚነገሩ አምስት ተረቶችና እውነታቸው

ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልም ሆነ ከዓለም ከተማ የሚነሳ የጤና ሪፖርት ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር የሚሻገረው ዲኤችአይኤስ2 በተባለው ሥርዓት ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚገነባው የዚህ ሥርዓት በርካታ ገጾች በሪአክት የተሠሩ ናቸው። ሪአክት ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁሉም ክፍት ያደረገው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ሲሆን፣ ቨርዥን 19 ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲወጣ ለዓመታት ሲያገለግሉ የነበሩ ነገሮችን አስወግዶ ነው የመጣው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የላይብረሪውን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ በግዴለሽነት የተሠራ አፕዴት መዘዙ የሚያርፈው ግን እንደ እሱ ባለ ተጠቃሚ ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮግራመሮቻችን የሚቀባበሏቸውን አምስት አባባሎች አንድ በአንድ እንመርምር።

ተረት 1፦ አዲስ ቨርዥን ከወጣ የቆየው ዌብሳይት ይቆማል።

እውነታ፦ አይቆምም። አንድ ፕሮጀክት የትኛውን ቨርዥን እንደሚጠቀም በፓኬጅ ፋይሉና በሎክ ፋይሉ ተመዝግቧል። ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር በሪአክት 18 የተሠራው በ18 ይቀጥላል። አደጋ ያለው ቨርዥን ሳይወስኑ ሁልጊዜ የቅርቡን ከሚያመጣ አድራሻ መጥራት ላይ ነው። ጄኪዌሪ የተባለው ሌላ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ባለቤቶች ይህን አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያለውን አድራሻቸውን በ1.11.1 ላይ አቁመውታል፤ ያን አድራሻ የሚጠሩ ዌብሳይቶች ሳያስቡት እንዳይበላሹ ነው።

ተረት 2፦ ስህተት ካላሳየ ሁሉም ደህና ነው።

እውነታ፦ ከሁሉ የከፋው ይህ እምነት ነው። ሪአክት 19 ያስወገደው ሪአክትዶም ሬንደር የሚባለው የቆየ መጥሪያ ወዲያው ይታወቃል፤ ገጹ አይከፈትም፣ ፕሮግራመሩም እዚያው ያስተካክለዋል። ዲፎልት ፕሮፕስ ግን እንዲህ አይደለም። ይህ፣ ለአንድ ኮምፖነንት (የገጽ ክፍል) ዋጋ ሳይሰጠው ሲቀር የሚወስደው ቀድሞ የተቀመጠ ምርጫ ነው። ሪአክት 19 በፈንክሽን ኮምፖነንቶች ላይ የተጻፈውን ዲፎልት ፕሮፕስ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። አንድ የቀን መምረጫ «ሌላ ካልተባለ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ውሰድ» ተብሎ በዚህ መንገድ ተጽፏል እንበል። ወደ 19 ሲሻገር ትእዛዙ ይጠፋል፤ የጃቫስክሪፕት የራሱ ቀን ደግሞ የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 መባል የነበረበት ቀን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሆኖ ይታያል። ገጹ ይከፈታል፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ሪፖርቱ ግን ተሳስቷል። የመረጃውን ዓይነት የሚፈትሸው ፕሮፕታይፕስም እንዲሁ በዝምታ ታልፏል፤ ስለዚህ «ዘብ አለኝ» ብሎ የተማመነ ሰው ዘቡ መነሳቱን አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ምርጫውን በፈንክሽኑ ግቤት ላይ መጻፍ፣ የዓይነት ፍተሻውንም ለታይፕስክሪፕት መስጠት።

ተረት 3፦ የሚያስፈራው የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀየር ብቻ ነው።

እውነታ፦ በተለመደው የቁጥር አሰጣጥ የመጀመሪያው አሃዝ ሲለወጥ የቆየ ኮድ ላይሠራ ይችላል፤ ሁለተኛው አዲስ ነገር መጨመሩን፣ ሦስተኛው እርማት መደረጉን ይናገራል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ኪዳን እንጂ ዋስትና አይደለም። ጄኪዌሪ 3.5.0 በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ሲወጣ የተቀየረው ሁለተኛው አሃዝ ብቻ ነበር። ነገር ግን ጠላፊ የራሱን ኮድ ሊያስገባበት የሚችልን ቀዳዳ ለመድፈን ሲባል የኤችቲኤምኤል አነባበቡ ስለተለወጠ፣ በቀድሞው አነባበብ ላይ የተመሠረቱ ገጾች ተዛብተዋል።

ተረት 4፦ የሚሠራን ነገር አለመንካት ይሻላል።

እውነታ፦ ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አይሻልም። እንደ ሪአክት የገጽ መሥሪያ ከሆኑት መካከል የአንጉላርጄኤስ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ የቩ 2 ደግሞ በ2023 መጨረሻ ተቋርጧል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳን ባለቤቶቹ አይደፍኑትም። በአንጻሩ «አዲስ ሁሉ አስተማማኝ ነው» ማለትም ስህተት ነው። ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በሪአክት 19 የሰርቨር ኮምፖነንቶች ላይ ይፋ የሆነው ቀዳዳ በአደገኝነት መለኪያው ከ10 ነጥብ 10 ተሰጥቶታል። ችግሩ ሪአክት 18ን አልነካም፤ ለ19 ግን በ19.0.1፣ በ19.1.2 እና በ19.2.1 እርማት ወጣለት። የሚጠብቀን የደኅንነት ማስታወቂያዎችን በየጊዜው መከታተልና እርማቱን ሳይውል ሳያድር መጫን ነው።

ተረት 5፦ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ከሠራ በሁሉም ስልክ ይሠራል።

እውነታ፦ ዋና ዋና ለውጦች የቆዩ ብራውዘሮችን ጥለው ይሄዳሉ። ሪአክት 18 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ትቷል። ቩ 3 ፕሮክሲ በተባለ የጃቫስክሪፕት ችሎታ ላይ ስለቆመ፣ ይህ ችሎታ በሌለው ብራውዘር አይሠራም፤ በሌላ ኮድ ሊተካም አይችልም። አዲስ አበባ ላይ በአዲስ ላፕቶፕ የተፈተነ ገጽ ዘመሮ ወይም ሞላሌ ላይ በቆየ አንድሮይድ ስልክ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ወደ ሪአክት 19 ለሚያሻሽሉ ሁሉ፦ መጀመሪያ ወደ ሪአክት 18.3 ይሻገሩ፤ ከ18.2 የሚለየው 19 ላይ የሚወገዱትን በማስጠንቀቁ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ ያጽዱ፤ የሪአክት ቡድን ያዘጋጃቸውን ኮድሞዶች (የቆየ ኮድን በራሳቸው የሚቀይሩ መሣሪያዎች) ይጠቀሙ፤ ዲፎልት ፕሮፕስንና ፕሮፕታይፕስን በመላው ፕሮጀክት ፈልገው ያውጡ። ከዚያም በራሳችን መረጃ ይፈትኑ፦ በግእዝ ፊደል በተጻፉ ስሞች፣ በቆየ ስልክ፣ እንዲሁም እንደ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ባለ በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣ ቀን። የላይብረሪው ሠሪዎች ይህን ቀን ላይፈትኑልን ይችላሉ፤ መፈተን ያለብን እኛው ነን።